ጄምስ ቲልና የደም ሕዋሳት ግንድ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት፣ የኒውክሌር ጦርነት ሥጋት ዓለምን ባስጨነቀበት ዘመን፣ ጨረር በሕያው አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የብዙ ሊቃውንት የምርምር ርእስ ነበር። ብርቱ ጨረር ያገኘው እንስሳ መቅኔው ደም ማመንጨት ይሳነውና ይሞታል፤ የጤነኛ እንስሳ መቅኔ ሲሰጠው ግን ሊድን ይችላል። ይህ ቀድሞ የታወቀ ነበር። ያልታወቀው፣ ሕይወትን የሚመልሰው ሕዋስ የትኛው እንደ ሆነ ነበር።

መልሱን ካገኙት ሁለት ሰዎች አንዱ ዶክተር ጄምስ ቲል የሕክምና ባለሙያ ሳይሆኑ የፊዚክስ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1931 በካናዳ፣ በሎይድሚንስተር ተወልደው በሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አጠኑ፤ በኮባልት 60 ካንሰርን በማከም ፈር ቀዳጅ ከነበሩት ከሃሮልድ ጆንስ ጋርም ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በባዮፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በቶሮንቶ በሚገኘው የኦንታሪዮ ካንሰር ኢንስቲትዩት ከሐኪሙ ከኧርነስት ማካሎክ ጋር ሥራ ጀመሩ።

ጨረር ላገኛቸው አይጦች ልዩ ልዩ መጠን ያለው መቅኔ በደም ሥር ተሰጣቸው። ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ማካሎክ የአይጦቹን ጣፊያ ሲመረምሩ ጉብታዎች አገኙ። ተቈጥረው ከተሰጠው መቅኔ ጋር ሲነጻጸሩ፣ የሕዋሳቱ ቍጥር በእጥፍ ሲጨምር ጉብታዎቹም በእጥፍ የሚጨምሩ ሆነው ተገኙ፤ ይኸውም በግምት ለ10,000 የመቅኔ ሕዋሳት አንድ ጉብታ ነው። ግንኙነቱ በሥዕል ሲነደፍ ቀጥ ያለ መስመር መሆኑ፣ እያንዳንዱ ጉብታ ከአንድ ሕዋስ ብቻ የበቀለ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1961 ታተመ።

ምልክት ግን ማረጋገጫ አይደለም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1963 ከተማሪያቸው ከአንድሩ ቤከር ጋር፣ ጨረር በክሮሞሶም ላይ የሚተወውን ልዩ ጠባሳ እንደ ማኅተም ተጠቀሙበት። በአንድ ጉብታ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ያንኑ ማኅተም ተሸክመው ተገኙ፤ የአንድ ሕዋስ ዘር መሆናቸውም ተረጋገጠ። በዚያው ዓመት ከሉዊስ ሲሚኖቪች ጋር ባደረጉት ጥናት፣ ከጉብታው የተወሰዱ አንዳንድ ሕዋሳት በሌላ አይጥ ጣፊያ ላይ ዳግመኛ ጉብታ ማብቀል መቻላቸው ታየ። ልዩ ልዩ የደም ሕዋሳትን የሚያፈራና ራሱንም የሚተካ ሕዋስ፣ ዛሬ ስቴም ሴል የሚባለው ግንድ፣ በዚህ ዐይነት በሙከራ ተረጋገጠ።

ሁለቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1969 የጌርድነርን፣ በ2005 ደግሞ የላስከርን ሽልማት ተቀበሉ። ማካሎክ እ.ኤ.አ. በ2011 አረፉ። መቅኔ የማዛወር ሕክምና በእነርሱ አልተጀመረም፤ ሆኖም ሕክምናው የሚያድንበት ምክንያት በይበልጥ የተብራራው በሥራቸው ነው።

በጣፊያ ላይ የበቀለውን ጉብታ ሌላ ተመራማሪም ሊያየው ይችል ነበር። ወደ ዕውቀት የለወጠው ግን፣ የሐኪሙ ዐይን ያየውን የፊዚክሱ ሰው ቈጥሮ፣ መዝኖና ለሁለተኛ ፈተና አቅርቦ ማጣራቱ ነው።