ቪፒኤን የረዳንና ያልረዳን ጊዜ

እኛ ሐርጌሳ ያለን ነጋዴዎች ቪፒኤንን የለመድነው በችግር ቀን ነው። ኅዳር 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት ስትመርጥ የምርጫ ኮሚሽኑ ማኅበራዊ ሚዲያ እንዲታገድ አዘዘ። ኢንተርኔቱ ግን አልጠፋም፤ ስለዚህ ቪፒኤን መውጫ ሆነ።

ሰኔ 23 ቀን 2012፣ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ቪፒኤን የሚሄደው በዚያው መስመር ላይ ነውና ምንም አልረዳንም። ያኔ ውጫሌ ለደረሰ ዕቃዬ የደረሰኙን ቁጥር አንድ በአንድ በስልክ አነበብኩ።

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ብቻ ሲታገዱ ቪፒኤን እንደገና ሠራ።

ቅንብሩም ዋጋ አለው። ኦፕንቪፒኤን በተለምዶ በዩዲፒ ፖርት 1194 ይሄዳል፤ ይህን መዝጋት ቀላል ነው። ቲሲፒ 443 ግን ድረ ገጾች ሁሉ የሚሄዱበት ስለሆነ መዝጋቱ ይከብዳል፤ ፍጥነቱ ቢቀንስም ያሳልፋል። ለውጡ ሰርቨሩም ስልኩም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

እናንተ ግን የደንበኞቻችሁን ስልክ ቁጥር በደብተርም ጻፉ። መስመር ሲቋረጥ የሚቀረው እሱ ነው።