ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ

ከደሴ በስተምዕራብ፣ በደቡብ ወሎ ደጋ ላይ የሚገኝ የዱር እንስሳት መጠበቂያ ነው። ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል ነበር። በአማራ ክልል መንግሥት ሥር ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው።

ጎብኚው ብዙውን ጊዜ በኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ያርፋል። ወደ ደሴ ሲወጣ በመንገዱ አጠገብ የየጎፍን ደን ያያል። ይህ ደን ራሱ ግማሽ ቀን ቢሰጡት የማያስቆጭ ነው። ከደሴ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ይደረሳል፤ ለፓርኩ ቅርብ የሆነችው ከተማም እሷ ናት። ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሁኔታና የአካባቢውን ጸጥታ ማጣራት ግድ ነው።

የፓርኩ ከፍተኛ ቦታዎች ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ አለው። ከታች ጥድና ኮሶ፣ ከላይ አስታ፣ ጓሳና ጅባራ ይበቅላሉ። ጭላዳ ዝንጀሮ ገደል ላይ ያድራል፤ ሲነጋ ወደ ሜዳው ወጥቶ ሣር ይግጣል። የምኒልክ ድኩላ፣ ሰስና ነብርም አሉ።

ብርቁ ግን ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሱት 500 ገደማ ናቸው። በመንጋ ይኖራል፤ አይጥ የሚያድነው ግን ለብቻው፣ በቀን ብርሃን ነው። ስለዚህ የታገሠ ጎብኚ ሊያየው ይችላል። ከትልልቅ ሥጋቶቹ አንዱ ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ የውሾች ክትባት ለዚህ እንስሳ የሕልውና ጉዳይ ሆኗል። ወደ ፓርኩ ውሻ ይዞ መግባትም ፈጽሞ አይገባም።