ሳጥኑ ይናፈስ እንጂ አይፍሰስ

መተማ ዮሐንስ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወጣት ዘመድ አለኝ። በሚያዝያ ሐሩር ሱቁ ብገባ፣ የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ነቅሎ የጠረጴዛ ቬንትሌተር ደግኖበታል። ኬዙ ከሁለት የጫማ ካርቶን አይበልጥም፤ ውስጡ ግን ወፍራም ግራፊክስ ካርድ ተወትፏል። ከስልኩ ላይ አንድ የአማርኛ መመሪያ አሳየኝ፦ «ለተመቻቸ የአየር ፍሰት በቂ ክፍተት መኖሩን ያረጋግጡ።»

«ምን ማለቱ ነው?» አልኩት።

«እንዲናፈስ ነዋ፣ ጋሼ!»

መመሪያው በሰባት ቃል ያልደረሰበትን ልጁ በአንድ ቃል ጨረሰው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም የሁለቱ ልዩነት ነው።

«የአየር ፍሰት» የሚለው አጠራር አሁን በየመመሪያውና በየቪዲዮው ተዛምቷል። ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም፤ እንግሊዝኛ ለወንዝም ለአየርም አንድ ግስ ስላለው፣ ተርጓሚው ግሱን ባየ ቁጥር «ፍሰት» ይላል። የገንዘብ ፍሰት፣ የመረጃ ፍሰት፣ የትራፊክ ፍሰት እያልን ቆይተን ነፋሱንም አፈሰስነው። በአማርኛ ግን ውሃ ይፈሳል፣ ደም ይፈሳል፣ እንባ ይፈሳል። አየር ይነፍሳል።

ፊዚክስ ሁለቱንም በአንድ ሕግ ያጠናቸዋል የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ተማሪው ግን ክፍል ውስጥ ፈሳሽን ከጋዝ ለይቶ ነው የተማረው። በአንዱ ገጽ አየር ፈሳሽ አይደለም ብለነው፣ በሌላው ገጽ አየር ይፈሳል ብንለው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ደግሞ ውሃ ቁልቁለት ካገኘ ማንም ሳይገፋው በራሱ ይፈሳል። የጋለ አየር መንገዱ ሽቅብ ነው፤ በጠባብ ሳጥን ውስጥ ሲሆን ደግሞ ፋን ካልገፋው ያለበት ይቀራል።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» እንላለን። የትንሽ ኬዝ መከራው ግን የወጣው ተመልሶ መታፈሱ ነው። ካርዱ የጋለ አየር ይተፋል፤ አየሩ መውጫ ያጣል፤ የካርዱ ፋኖች ያንኑ አየር መልሰው ይስባሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ተፎካካሪ፣ «የአየር ዝውውር» የሚለው፣ ከፍሰት ይሻላል ብዬ ብቀበለውም ለዚህ ቦታ አይሆንም። ደም ይዘዋወራል ስንል ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ ይመለሳል ማለታችን ነው። ለኬዙ ግን መመለሱ ራሱ በሽታው ነው። በሽታውን ለመድኃኒቱ ስም አድርገን እንዴት እንሰጣለን?

ነገሩን አንባቢ በከፊል ስለሚያውቀው ባጭሩ ልለፈው። ጂፎርስ አርቲኤክስ 3060 የሚባለው መካከለኛ ካርድ እስከ 170 ዋት ይወስዳል፤ የሚወስደው ኃይል ከሞላ ጎደል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ፋን አየር ያመላልሳል እንጂ አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ካርዱ ከሚስበው አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። ጎንደር ከተማ፣ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በ24 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 66 ዲግሪ ላይ የሚሠራ ካርድ እንበል። በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውሃ አድርጎ ከ800 ሜትር በታች ወዳለችው መተማ ዮሐንስ ሲወርድ፣ ክፍሉ 40 ዲግሪ ከሆነ፣ ካርዱ በግርድፉ 82 ይደርሳል። ብዙ ካርዶች ከ80 እስከ 90 ባለው ውስጥ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ የሙሽራዋ ቪዲዮም አልጨርስ ይላል። ደገኛው ኬዝ ትንሽ ቢታፈን ይችለዋል። ቆላ ላይ ግን ለስህተት የተረፈ ዲግሪ የለም።

አሁን ወደ ቃሉ። ነፈሰ ከሚለው ግስ የወጣው ቤተሰብ ሰፊ ነው፦ ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ፣ ተነፈሰ፣ ተናፈሰ፣ አናፈሰ፣ መናፈሻ፣ ነፋሻ። የኮምፒውተር ሠሪው የሚፈልገው ሁሉ እዚሁ ተደርድሯል። ሂደቱ መናፈስ ነው። ፋኑ በአማርኛ መጠራት ካለበት ማናፈሻ ነው። አየር እንደልብ የሚገባና የሚወጣበት ኬዝ ነፋሻ ነው፤ ተቃራኒው የታፈነ ነው። የጋለው አየር የሚወጣበት የጀርባ ቀዳዳ መተንፈሻ ነው። ከ«ፍሰት» ተመሳሳይ ቤተሰብ ለማውጣት ሞክሩ፦ መግቢያውን ማፍሰሻ፣ መውጫውን ፍሳሽ ልትሉት ነው?

ለፋኑ «ማራገቢያ» የሚሉም አሉ። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ግን የምናራግበው እንዲቀጣጠል የምንፈልገውን የቡና ከሰል ነው። «ወናፍ» ያለኝም አጋጥሞኛል፤ እሱ ደግሞ የአንጥረኛ ነው፣ ብረት ሊያግል የተሠራ። ካርዱማ ያለወናፍም ግሏል።

መናፈስ ለዕቃ አይሆንም፣ ለሰው ብቻ ነው የሚለኝ ካለ መኸር ላይ መተማ ይውረድ። የሰሊጥ አዝመራ ሲታጨድ ነዶው ታስሮ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ክምሩን ሂላ ይሉታል። ነዶዎቹ የሚቆሙት በመካከላቸው ነፋስ እንዲያልፍ ነው፤ ተጠቅጥቆ የተኛ እርጥብ ነዶ ይሻግታል። እህል ይናፈሳል፣ ልብስ ይናፈሳል፣ ቤት ይናፈሳል። ካርድ የማይናፈስበት ምክንያት የለም። እንዲያውም የሂላ አሠራር ለትንሽ ኬዝ ጥሩ ትምህርት ነው፦ ዕቃ ከዕቃ አታጣብቅ፤ የካርዱን ፋኖች ወደ ተበሳሳው ግድግዳ አዙር፤ ቀዝቃዛው ከአንድ ወገን ገብቶ፣ የጋለው በሌላው ይውጣ፤ ገመዱን ከመንገዱ ጠቅልል፤ በቆላው አቧራ የተደፈነውን ወንፊትም ቶሎ ቶሎ አራግፍ።

ቃሉ እንከን የለውም አልልም። ወሬም ይናፈሳል። በወዳጆች መሐል ነፋስ ገባ ማለት ጠብ ገባ ማለት ነው። ጎማ ተነፈሰ ሲባል ሾፌር ይደነግጣል። ነገር ግን የጎማው መተንፈስ ውስጥ የታመቀ አየር መውጣት ነው፤ እኛም ከኬዙ የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

የባዕድ ቃል ጠላት ነኝ ብላችሁ እንዳታስቡ። ኬዝ ኬዝ ይባል፤ ግራፊክስ ካርድም በስሙ ይኑር፤ አዲስ ዕቃ ስሙን ይዞ ቢመጣ ቋንቋችን አይጎዳም። የሚያናድደኝ እንግዳው ቃል ሳይሆን፣ የአማርኛ ልብስ ለብሶ በእንግሊዝኛ የሚያስበው ሐረግ ነው። አማርኛ ለሳይንስ ይጠባል የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለውን ሐረግ አይቶ ነው። ልጁ ግን ሲጠየቅ አንድም ቃል አልፈለገም፤ እናቱ ልብስ ስታሰጣ የሰማው አለው።

ያንን መመሪያ እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «ከግድግዳ አታስጠጉት፤ ይናፈስ።»