የቡድን ሚና (በደቦ ሥራ)

የቡድን ሚና አንድ ሰው ከሌሎች ጋር ሲሠራ ማንም ሳያዘው በባሕርዩና በልማዱ የሚይዘው ድርሻ ነው። ከሹመት ይለያል፤ ሹመት ይሰጣል፣ ሚና ግን በሥራው ላይ ይታያል።

አዘናን ጨምሮ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞንና በሰፊው የአማራ ክልል ገጠር ይህ ሚና በጋራ ሥራዎቹ በደቦና በወንፈል ይገለጣል። በወንፈል ጉልበት በጉልበት ይመለሳል፤ በደቦ ደጋሹ ምግብና ጠላ አዘጋጅቶ ጎረቤቱን ይጠራል። አጨዳ ላይ ፈጣኑ ሰልፉን ይመራል፣ ዜማ አውጪው አጫጆቹ ሲዝሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ እጃቸውን ያፈጥናል፣ ሌላው ከኋላ ነዶ ያስራል። ክምሩን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ዝምተኛና ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ዛላው ወደ ውስጥ፣ አገዳው ወደ ውጭ ካልዞረ ዝናብ ይገባና እህሉ ይበሰብሳል። ፈጣኑን አጫጅ ለክምር መመደብ ሁለቱንም ሥራ ያበላሻል። ቤት ውስጥ ድግሱን የሚያሰናዱት ሴቶች ድርሻ ብዙ ጊዜ አይቆጠርም፤ ያለ እነሱ ግን ደቦው አይቆምም።

በጥናት ደረጃ ደግሞ የቡድን ሚናን የመረመረው እንግሊዛዊው ሜረዲት ቤልቢን በሄንሊ የሥራ አመራር ኮሌጅ የሥልጠና ቡድኖችን አጥንቶ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስምንት ሚናዎችን ለየ፤ ዘጠነኛው፣ የልዩ ሙያ ባለቤት፣ በኋላ ተጨመረ። አእምሯቸው የላቀ ሰዎች ብቻ የተሰበሰቡባቸው ቡድኖች ብዙ ጊዜ ደካማ ውጤት ማምጣታቸው ከታወቁት ግኝቶቹ አንዱ ነው። ሰው የራሱን ሚና እንዲለይበት ቤልቢን ያዘጋጀውን መጠይቅ አስተማማኝነት የተቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሉ። በእርግጥም ሰው ስለ ራሱ ከሚሞላው ቅጽ ይልቅ አብረውት ያጨዱ ጎረቤቶቹ የሚሰጡት ምስክርነት ይበልጥ ይታመናል፤ በየዓመቱ ሲሠራ አይተውታልና።