ከሕመምተኛው አልጋ የራቀው ምርጫ፦ የከፍተኛ ነርሲንግ ትምህርት መስኮች ታሪክ



የሁለተኛ ዲግሪ የነርሲንግ ተማሪ ዛሬ የትኩረት መስክ ምረጥ ሲባል የአዋቂዎች ጤና፣ የሕፃናት ጤና፣ የአእምሮ ጤና፣ የድንገተኛ ሕክምና እያለ ይቆጥራል። ይህ ዝርዝር ከሙያው ጋር አብሮ የተወለደ ይመስለናል። ነገር ግን እያንዳንዱ መስክ የተገኘው በክርክርና በገንዘብ ነው። የማወሳው ታሪክ በአብዛኛው የአሜሪካ ስለሆነ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1899 ኒውዮርክ በሚገኘው ቲቸርስ ኮሌጅ «የሆስፒታል ኢኮኖሚክስ» የተባለ ትምህርት ለነርሶች ተከፈተ። ስሙ ራሱ ዓላማውን ይናገራል፤ የታሰበው ሆስፒታልንና የነርሶች ትምህርት ቤትን የሚመሩ ሴቶችን ለማፍራት ነበር። በ1907 አደሌድ ነቲንግ በዚያው ኮሌጅ በዓለም የመጀመሪያዋ የነርሲንግ ፕሮፌሰር ሆኑ። ይህን ድል ማሳነስ አልሻም፤ ሆኖም ዋጋ ነበረው። በ1910 የሕዝብ ጤና መስክ ቢታከልም፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከፍተኛ ትምህርት የፈለገች የሆስፒታል ነርስ በአብዛኛው የሚቀርብላት ማስተማር ወይም ማስተዳደር ነበር። በተማረች ቁጥር ከሕመምተኛው ትርቅ ነበር ማለት ነው።

መመለሻው መንገድ የተጠረገው በአእምሮ ሕክምና በኩል ነው። ኮንግረስ በ1946 ያወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ ያስገኘው የሥልጠና ገንዘብ ለነርሶችም ደረሰ። ሂልደጋርድ ፔፕላው ነርስና ሕመምተኛ ስላላቸው ግንኙነት የጻፉት መጽሐፍ ረቂቁ በ1948 ቢያልቅም የታተመው በ1952 ነው፤ ነርስ ያለ ሐኪም ተባባሪነት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማውጣቷ እንግዳ ነገር ነበርና። በ1954 ወደ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሄደው በአእምሮ ሕክምና የክሊኒክ ስፔሻሊስት ነርሶችን በሁለተኛ ዲግሪ የሚያሠለጥን ፕሮግራም መሠረቱ። ተማሪዎቻቸው ከሕመምተኛው ጋር ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ እርሱ ያለውንና እነርሱ የመለሱትን ቃል በቃል ይጽፋሉ፤ ከዚያ ከመምህራቸው ጋር ይመረምሩታል። በእኔ ግምት የነርሲንግን ከፍተኛ ትምህርት የለወጠው ከማንኛውም ዐዋጅ ይልቅ ይህ ማስታወሻ ነው። የሕመምተኛው ንግግር ራሱ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ሆነ።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው በ1954፣ ማለትም በእኛ 1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አንድ ላይ ያሠለጥን ጀመር። የትምህርቱ ደረጃ ሌላ ነበር፤ ዳሩ ግን እዚያ መስኩን የቀረጸው የገጠሩ ጤና ጣቢያ ነበር እንጂ የተማሪው ዝንባሌ አልነበረም።

በ1965 ሎሬታ ፎርድ ከሕፃናት ሐኪሙ ከሄንሪ ሲልቨር ጋር በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሕፃናትን ራሳቸው የሚመረምሩ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመሩ። የሚያስገርመው ብርቱው ተቃውሞ ከነርሲንግ መምህራን ዘንድም መምጣቱ ነው፤ መመርመር የሐኪም ሥራ ነው ይሉ ነበር። ስለዚህም ትምህርቱ ከመደበኛው የዲግሪ መርሐ ግብር ውጭ፣ በምስክር ወረቀት ደረጃ ተጀመረ። ዛሬ በአሜሪካ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በብዛት ከሚመርጧቸው መስኮች አንዱ ይኸው ነው።