የፐርል ቋንቋ ጽሕፈትን ስለሚቀበልበትና አሰናድቶ ስለሚያወጣበት መንገድ

ፐርል የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ የሚጀምሩ ተማሪዎች፥ ከተጠቃሚው የሚገባውን ጽሕፈት ስለ መቀበልና ውጤቱን በሥርዐት ስለ ማውጣት የሚናገረውን ክፍል እንደ ቀላል ነገር ያልፉታል። እኛ ግን የቋንቋው ጠባይ ከዚህ ይልቅ የሚገለጥበት ስፍራ ያለ አይመስለንም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ፐርልን የፈጠረው የሥነ ልሳን ትምህርት የቀሰመው አሜሪካዊው ላሪ ዎል ሲሆን፥ የመጀመሪያው እትም በ1987 በዲሴምበር 18 ቀን ወጣ። ያነሣሣው ምክንያት ሪፖርት ነበር፤ ከብዙ ፋይሎች ተለቅሞ የሚዘጋጀውን ሪፖርት አውክ የተባለው መሣሪያ አልቻለውምና። ስለዚህ ቋንቋው ከመነሻው «ፎርማት» የሚባል ሥርዐት ነበረው። ጸሓፊው ገጹ እንዲመስል የሚፈልገውን ሥዕል ራሱን በፕሮግራሙ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ጫፉ ወደ ግራ የዞረ ምልክት ጽሕፈቱን ወደ ግራ፥ ወደ ቀኝ የዞረ ወደ ቀኝ ያስጠጋዋል። ሌላ ካልታዘዘ በቀር አንዱን ገጽ 60 መስመር አድርጎ ይቈጥራል፤ ለወረቀት የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። ዛሬ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ከሲ ቋንቋ የተወረሰው ፕሪንትኤፍ ነው።

የአቀባበሉ ታሪክ ግን ከዚህ ይልቅ ያስተምራል። ተጠቃሚው ስሙን ጽፎ ኤንተር ሲጫን፥ ፐርል ከስሙ ጋራ የማይታየውን የመስመር መጨረሻ ምልክት አብሮ ይቀበላል። «ጤና ይስጥልኝ አበበ» ብሎ ቃለ አጋኖ እንዲያስከትል ብናዝዘው፥ ቃለ አጋኖው ብቻውን በሚቀጥለው መስመር ይወድቃል። በቀድሞዎቹ እትሞች ይህን ምልክት የሚያስወግደው «ቾፕ» የተባለው ትእዛዝ ነበር፤ ቾፕ ግን የመጨረሻውን ፊደል ምንም ይሁን ምን ይቈርጣል። የደመወዝ መዝገብ የመጨረሻ መስመር 250 ብሎ ያለ ምልክቱ ቢያልቅ፥ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ 25 ሆኖ ይቀራል! በ1994 አምስተኛው እትም ያመጣው «ቾምፕ» የሚቈርጠው ምልክቱ ሲኖር ብቻ ነው።

ይህ የቈጠራ ነገር ለእኛ ፊደል በተለይ ይከብዳል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለውም አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። እንግዲህ «አበበ» ለአንባቢ 3 ፊደል፥ ለመኪናው 9 ባይት ነው። ፕሪንትኤፍ ለስም 10 ቦታ እንዲሰጥ ብናዝዘው፥ ባይቱ ወደ ፊደል ካልተፈታ በ7 ባዶ ቦታ ፈንታ 1 ብቻ ይጨምርና ዓምዱ ይጣመማል። በ2002 የወጣው 5.8 እትም ጽሕፈቱ ሲገባ እንዲፈታ፥ ሲወጣም መልሶ እንዲታሰር በበሩ ላይ ማዘዝን አስቻለ። ትእዛዙን በመውጫው በኩል ብቻ የሰጠ ጀማሪ ግን፥ ባይቶቹ ሁለተኛ ታስረው ስለሚወጡ፥ በ«አበበ» ፈንታ የማይነበብ ነገር ያገኛል።