ጉድብራንስዳለን፦ ማን ማንን ሰየመ?

ከሊለሃመር ከተማ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀውን ሸለቆ ኖርዌያውያን ጉድብራንስዳለን ይሉታል፤ የጉድብራንድ ሸለቆ ማለት ነው። ጥንት ግን አገሩ «ዳሊር»፣ ማለትም ሸለቆዎቹ፣ ብቻ ይባል ነበር። በአይስላንድ የጥንት ትረካዎች ውስጥ የምናገኘው ባላባትም «ዳለ ጉድብራንድ»፣ የሸለቆዎቹ ጉድብራንድ፣ ነው። ሰውየው መለያውን ከአገሩ ወሰደ፤ አገሩ ደግሞ ዞሮ በሰውየው ተጠራ።

ታዋቂው ጉድብራንድ በሸለቆው ውስጥ ባለችው ሁንዶርፕ የኖረው ነው። አይስላንዳዊው ጸሐፊ ስኖሪ ስቱርሉሶን በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደጻፈው፣ የኖርዌይ ንጉሥ ኦላቭ ሕዝቡን ሊያጠምቅ እ.ኤ.አ. በ1021 ገደማ እዚያ ደረሰ። ገበሬዎቹ የነጎድጓድ አምላካቸውን የቶርን ጣዖት ተሸክመው ወጡ። ጎሕ ሲቀድ ንጉሡ «አምላካችን በታላቅ ብርሃን እየመጣ ነው፣ ወደ ምሥራቅ እዩ» አላቸው። ሁሉም ወደ ፀሐይዋ ዞሩ። ይህን ጊዜ የንጉሡ ሰው ጣዖቱን በዱላ ቢመታው ተሰነጣጠቀና የቀረበለትን መባ ሲበሉ የከረሙ አይጦች፣ እንሽላሊቶችና እባቦች ከሆዱ ወጥተው ተርመሰመሱ። ጉድብራንድም ተጠመቀ።

ታሪኩ ከዘመኑ 200 ዓመት ያህል ዘግይቶ የተጻፈ ነውና አይጦቹን ለተራኪው እንተውለት። ስሙ ግን ሌላ ነገር ይጠቁማል። ከኦላቭ በፊት በነበረው ትውልድም ሸለቆውን የያዘ ጉድብራንድ እንደነበር ሌሎች ትረካዎች ያወሳሉ። ስለዚህ አገሩ የወረሰው የአንድን ሰው ሳይሆን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ የኖረን የባላባት ቤት ስም ይመስለኛል።

በሸለቆው የሚፈስሰው ወንዝ ግን በማንም ባላባት አልተሰየመም። ሎገን ይሉታል፤ የስሙ ሥር ውኃ ማለት ነው። ምንጩ የሌሻስኩግ ሐይቅ ሲሆን፣ ሐይቁ በሁለት አፍ ይፈስሳል፦ በአንዱ ሎገን ሆኖ ወደ ምዮሳ ሐይቅ፣ በሌላው ራውማ ሆኖ ወደ ምዕራቡ ባሕር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1789 ጎርፍ ሸለቆውን ጠርጎ ከ60 በላይ ሰው ገደለ፤ መሬታቸውን ካጡት ብዙዎች ወደ ሩቅ ሰሜን፣ ወደ ባርዱና ሞልሴልቭ፣ ተሰደዱ።

የቀሩት እርሻቸውን ቀጠሉ። በረዶው ሲቀልጥ ላሞቹና ፍየሎቹ «ሴተር» ወደሚባለው የተራራ ግጦሽ ይወጣሉ፤ ወተት ማለብና አይብ መሥራት የሴቶች ድርሻ ነበር። አነ ሆቭ የተባለች ወጣት እ.ኤ.አ. በ1863 በእንዲህ ያለ ሴተር አጓት ስታፈላ ክሬም ጨመረችበት፤ ቡናማና ጣፋጭ አይብ ወጣው። ገበያ ሲያገኝ የተሰየመው በእሷ ሳይሆን በአገሯ ነው፦ የጉድብራንስዳል አይብ። እሷም ዋጋዋን አላጣችም፤ በ87 ዓመቷ ከኖርዌይ ንጉሥ ሜዳሊያ ተሸልማለች።